ከፋይሉ ያወጣሁት ደብዳቤ

የመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሰው የሚያውቀኝ በሥራዬ ነው። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ከተቀመጥኩ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። ከሳሽም ተከሳሽም ወረቀቱን ይዞ መጀመሪያ የሚቆመው እኔ መስኮት ፊት ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ መዝገቡ ውስጥ አስሬ መደርደሪያ ላይ አኖራለሁ። አንዲት ወረቀት ከመዝገብ ስትጎድል የሰው መሬት ሊሄድ፣ የሰው ትዳር ሊፈርስ እንደሚችል በዐይኔ አይቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ባለማወቅ ነው ያጠፋሁት እንዳልል ነው።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት፣ የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ወላጆች ለቦርድ አባልነት መረጡኝ። ጽሑፍ አያስቸግራትም ተባለና ጸሐፊም አደረጉኝ። ቦርዱ ስድስት ሰው ነበር። ሊቀመንበራችን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት በጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ድንጋይ ያመላለሱ፣ የአጥሩን ባሕር ዛፍ በእጃቸው የተከሉ ሰው። ከእሳቸው ሌላ አንድ የደብር ቄስ፣ ሁለት ነጋዴዎች፣ ርዕሰ መምህሩና እኔ ነበርን። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንሰበሰባለን። የወላጆች ጉዳይ መጀመሪያ ይታያል። የመምህራኑ ጉዳይ ሁልጊዜ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። እዚያ ስንደርስ ብርዱ በርትቶ፣ ሰዉ ጋቢውን እየሰበሰበ፣ ዐይኑ በር በሩን እያየ ነው። የእኔም ዐይን እንደዚያው ነበር።

በግንቦቱ ስብሰባ ዋናው አጀንዳችን የወላጆች ቅሬታ ነበር። ልጆቻችን ከደብተር ሌላ የሚያዩት ነገር የለም፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ያስጎበኛሉ፣ የእኛ ግን አጥር ውስጥ ዘግቶባቸው ይውላል ብለው በጽሑፍ አቅርበው ነበር። ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ወደዱት። ሦስተኛ ክፍሎች ጓሳ ተራራ ይውጡ፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ይዩ አሉ።

«በሰኔ ሁለተኛው ሳምንት ይሁን። ፎቶ ይነሱና ለአዲሱ ዓመት ምዝገባ ባነር ላይ እናወጣዋለን። ወላጁም ደስ ይለዋል፣ እኛም እንታያለን።»

ሁላችንም ተስማማን። መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» ስንደርስ፣ ከሦስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህርት የመጣ አንድ ደብዳቤ አነበብኩ። ሊቀመንበሩና ርዕሰ መምህሩ አስቀድመው የተነጋገሩበትን ጉዞ ሰምታ ነው የጻፈችው። መምህርቷ ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣች፣ ሃያዎቹን ያላጋመሰች ልጅ ናት፤ ሁለት ሹራብ ደርባ እንኳን መንዝ ይበርዳታል። ደብዳቤው በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር። በሰኔ ጓሳ ላይ ጉም በድንገት እንደሚወርድ የአካባቢውን ሰዎች ጠይቃ መረዳቷን፣ አርባ ልጆች ለአንድ መምህርና ለአንድ ሞግዚት እንደሚበዙ ጽፋ፣ ወይ ጉዞው ወደ ኅዳር እንዲዛወር፣ ወይ ሌላ አራት አዋቂ እንዲመደብላት ትጠይቃለች።

«የቆላ ልጅ አይደለች፣ ጉም ያስፈራታል!» አሉ ሊቀመንበሩ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። «ርዕሰ መምህሩ አብረዋት ይሄዳሉ። በቃ፣ ይታለፍ።»

በቃለ ጉባኤው ላይ «የመምህርቷ ደብዳቤ ቀርቦ ታይቷል» ብዬ ጻፍኩና ደብዳቤውን ፋይሉ ውስጥ አሰርኩት። ቄሱ ያን ቀን ቀብር ላይ ስለነበሩ አልተገኙም።

የጉዞው ቀን ሐሙስ ዋለ። ጠዋቱ ብራ ነበር። ልጄን ዳቦና ቆሎ ይዤላት፣ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፌ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለመምህርቷ አስረከብኩ። ርዕሰ መምህሩን ስፈልግ የሉም። በዋዜማው ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ተጠርተው ሄደዋል ተባለ፤ በእሳቸው ቦታ የተተካ ሰው የለም። መምህርቷ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ስም እየጠራች ልጆቹን ታስገባለች። ዐይን ለዐይን ተያየን። አንድ ነገር ልትለኝ የፈለገች መሰለኝ። እኔ ሥራ ረፍዶብኝ ነበርና እጄን አውለብልቤ ሄድኩ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ጎረቤቴ ናት።

«ከላይ የወረደ የጭነት መኪና ሾፌር ነው ያወራው፤ ጓሳ ላይ ልጅ ጠፍቷል ይላሉ። ሴት ልጅ ናት አሉ። የማን እንደሆነች አልታወቀም።»

መስኮቴ ፊት የቆመውን ባለጉዳይ ጥዬው ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ወላጁ ተሰብስቧል። ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይዞራል፤ እላይ ኔትወርክ የለም። ከከተማው በላይ ያለው ሰማይ እንዳለ ነጭ ሆኗል። እንዲያ ሆነን ሁለት ሰዓት ቆየን። በዚያ ሁሉ ጊዜ በልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የኔ አትሁን፣ የኔ አትሁን።» የኔ አትሁን ማለት የሌላ ሰው ትሁን ማለት መሆኑን ያሰብኩት በኋላ ነው።

አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። የኔዋ ሦስተኛ ሆና ወረደች። ይዣት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዙሪያዬን ሰው ልጁን ያቅፋል፣ ያለቅሳል፣ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። አውቶቡሱ ባዶ እስኪሆን ድረስ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች። አውቃታለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ የበግ ጠጉር ባና የምትሸጥ፣ አንድ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት።

«የኔዋስ?» አለቻት ሞግዚቷን።

ሞግዚቷ እጇን ራሷ ላይ ጭና ማልቀስ ጀመረች። ሴትየዋ ግን አልጮኸችም። ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታጠቀችና ሾፌሩን «መልሰኝ» አለችው። ሾፌሩም አውቶቡሱን አዞረ። አምስት ስድስት አባቶች ዘለው ገቡ። እኔ አልሄድኩም። ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የሆነውን ከልጄ የሰማሁት ልብሷን ስቀይርላት ነው። ጭላዳዎቹን አይተው ወደ አውቶቡሱ ሲመለሱ ጉሙ ወረደባቸው። መምህርቷ ወዲያው አስቆመቻቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ እንዲያያዙ፣ ማንም የማንንም እጅ እንዳይለቅ አስጠንቅቃ እየቆጠረች መራቻቸው። ከልጄ ጋር የተያያዘችው የባና ሻጯ ልጅ ናት።

«እማ፣ እጇን ለቀቅኩት» አለችኝ። «ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ጫማዬን ላወጣ ለቀቅኩት። ቀና ስል የለችም። ጠራኋት እኮ!»

«ለመምህርሽ ነገርሻት?»

«ወዲያው ነገርኳት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም አለችኝ። ለማንም አትናገሪ፣ እኔ አገኛታለሁ አለችኝ።»

መምህርቷ ልጆቹን አውቶቡስ ውስጥ አስገብታ ከሞግዚቷ ጋር ልካ፣ ራሷ እዚያው ቀርታለች። ሁለት የጓሳ ጠባቂዎች አግኝታ ከእነሱ ጋር ስትጣራ ውላ፣ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷን አንድ ቋጥኝ ሥር ተጠቅልላ አገኟት። መምህርቷ የራሷን ሁለቱንም ሹራብ አልብሳ፣ አዝላት መንገዱ ድረስ አወረደቻት። ከእናትየዋ ጋር የተገናኙት መንገዱ ላይ ነው። መምህርቷ በስስ ሸሚዝ ነበረች፤ ድምፅዋ ከመጮህ ብዛት ጠፍቷል አሉ። ልጅቷ ሳንባዋን ብርድ መቷት ሆስፒታል ገባች፤ ሳምንት ከምናምን ተኝታ ወጣች።

በጉዞው ማግሥት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ቦርዱ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ እንቅልፍ እንዳላገኙ ፊታቸው ይናገራል።

«እሑድ ወላጅ ይሰበሰባል» አሉ። «የያዝነው ነገር ሳይኖር ፊቱ ልንቆም አንችልም። ልጆቹን የተረከበችው ማን ናት? መምህርቷ ናት። በቸልተኝነት ልጅ ጥላለች። ከሥራ ትታገድና ለወላጁ ይነገረው።»

ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛውን ያያሉ። አብረዋት መሄድ የነበረባቸው እሳቸው መሆናቸውን የሚያነሳ አልነበረም። ቄሱ ብቻ፣ «እሷስ ምን ትላለች? ሳንሰማት?» አሉ።

«በኋላ ትሰማለች፣ አባታችን። አሁን ቤቱን እናድን።»

እኔ ጻፍኩ። «በቸልተኝነት» የሚለውንም ቃል እንደ ሌላው ቃል አስተካክዬ ጻፍኩት። ሰዉ ሲወጣ ሊቀመንበሩ እኔን አስቀሩኝ።

«ያ የግንቦቱ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ነው ያለው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ለጊዜው ለብቻው ይቀመጥ። ሰው እጅ ከገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ስንት ልጅ ሜዳ ላይ ይበተናል፣ አስቢው እስቲ።»

አስቤዋለሁ። ግን እውነቱን ከተናገርኩ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ትምህርት ቤቱ አልነበረም። ነገሩ ከተመረመረ፣ መምህርቷ ከተጠየቀች፣ ማን የማንን እጅ ይዞ እንደነበር ይወጣል። ከተማው ትንሽ ነው። «እጇን የለቀቀችው» የሚል ስም ልጄ ላይ ከተለጠፈ እስክታድግ አይለቃትም። ጥፋቱ በመምህርቷ ላይ ካለቀ ግን ማንም ከዚያ ወዲያ አይጠይቅም። ፋይሉን ፈትቼ ደብዳቤውን አወጣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መምህርቷ ቤቴ ድረስ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች፤ በሩ ላይ እንደቆመች፣ በሻከረ ድምፅ ነው የምታወራው።

«ለቦርዱ የጻፍኩት ደብዳቤ ነበር። ቅጂ አላስቀረሁም። ነገ ስብሰባው ላይ ላቀርበው ነበር። እርስዎ ጋ ይኖራል ብዬ ነው።»

ቦርሳዬ ከኋላዬ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

«ፈልጌ እነግርሻለሁ» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ተመለሰች። «ልጅዎ ደህና ናት? ትተኛለች?»

«ትተኛለች።»

«ስለ ጫማው ነገር አይጠይቋት። ርዕሰ መምህሩ ማን ከማን ጋር ነበር ብለው ጠይቀውኛል። ግርግር ነበር፣ አላየሁም አልኳቸው። ልጅ ናት፣ ይህን መሸከም የለባትም።»

እሷ ከሄደች በኋላ በሩን ዘግቼ ረጅም ሰዓት ቆምኩ። ልጄን ከልላልኛለች። ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍላት እያወቀች ነው የከለለችልኝ። እኔ ደግሞ ደብዳቤዋን ከእሷ ሦስት እርምጃ ላይ ሰቅዬ ፈልጌ እነግርሻለሁ አልኳት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሊቀመንበሩ የእገዳውን ውሳኔ ሲናገሩ ሰዉ አጨበጨበ። አንድ አባት ትታሰር ብሎ ጮኸ። መምህርቷ ከፊት ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ተነስታ ለመናገር ሞከረች፤ ድምፅዋ አልወጣም። ከኋላ «አይሰማም!» የሚል ጫጫታ ተነሳና መልሳ ተቀመጠች። አንዴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወረቀቴን አየሁ።

ከዚያ የልጅቷ እናት ተነሳች። ልጇን ሆስፒታል ለእኅቷ ትታ ነው የመጣችው።

«ልጄን አዝላ ያመጣችልኝ ይህች ናት» አለች። «ብርዱ ሊገድላት ሲል አየኋት፤ ልብሷን ለልጄ ሰጥታ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በዚህ ወቅት ልጆቹን እዚያ ይውጡ ያለው ማን ነው? የመንዝ ሰው ሆኖ የሰኔን ጉም የማያውቅ አለ?»

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለቦርዱ የደረሰ ምንም ማስጠንቀቂያ አልነበረም» አሉ።

መምህርቷ ቀና አለች። ቄሱ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ልጄ፣ ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ። እኔ ግንቦት ላይ አልነበርኩም። ከመምህርቷ የመጣ ነገር ነበር ወይ?»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። ልጄ ሦስተኛው መስመር ላይ ከአክስቷ ጎን ተቀምጣለች። አዎ ማለት አንድ ቃል ነው።

«አላስታውስም» አልኩ።

የመምህርቷን ፊት ያየሁት በጎን ብቻ ነው። አልተቆጣችም። የሰማችውን ማመን ያቃታት ሰው ትመስል ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ መንገድ የለቀቁላት የተወሰኑ ሰዎች ናቸው፣ የቀሩትን በትከሻዋ ነው ያለፈቻቸው።

በሳምንቱ እገዳው ወደ ስንብት ተለወጠ። የስንብቱን ደብዳቤም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተቀብላ ፈረመችና በሚኒባስ ወደ አገሯ ሄደች።

ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ዝናቡ አላባራ አለ። ልጄ መብላት ትታ ነበር፤ መንገድ ላይ እጇን ስይዛት ታወጣዋለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ «መምህሬ በኔ ነው የተባረረችው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «ታዲያ በማን ነው?» አለች። ሥራ አለኝ ብዬ ተነሳሁ።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ የከተማው ሕፃናት ሁሉ ቁርባን ለመቀበል ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የኔዋ አልሄድም አለች። ስለምናት፣ ስቆጣት አለቀሰች። «እኔ ክፉ ነኝ፣ አይገባኝም» አለችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጄን አተርፋታለሁ ብዬ የዋሸሁት ውሸት እሷው ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

ያንኑ ቀን ቄሱን ከቅዳሴ መልስ ጠብቄ አገኘኋቸው። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የዝናቡ ካፊያ ወረቀቱ ላይ እየወረደ ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መልሰው አጥፈው በእጄ አስያዙኝ።

«ለእኔ አይደለም የምትሰጪው» አሉኝ። «በዚያ አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ነው የምታነቢው።»

«ጋሼ ሊቀመንበሩስ?»

«እሳቸውንም ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከኋላ አትወጊያቸው።»

በነሐሴው የቦርድ ስብሰባ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሊቀመንበሩ ሲያዩት ወዲያው አወቁት። «ከፋይሉ ያወጣሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«እርስዎ ነገሩኝ። ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። በሰው ፊት የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

«ይህን ቤት ስናቆም የት ነበርሽ? ድንጋዩን በዚህ ጀርባዬ…» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ቀሩ። ያን ቀን አረጁብኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩት እንደኔው ለራሳቸው ልጅ ነው፤ ያ ቤት ልጃቸው ነው። ርዕሰ መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው፣ «እኔም አብሬ መሄድ ነበረብኝ፣ ይጻፍልኝ» አሉ። ጻፍኩላቸው።

መስከረም ላይ ወላጅ ተሰበሰበ። ቆሜ ደብዳቤውን አነበብኩ፣ የት እንደነበረ ተናገርኩ፣ አላስታውስም ያልኩት ውሸት እንደነበረ ተናገርኩ። የልጄን ነገር ግን ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አልተናገርኩም፤ ያ ለአንዲት ሴት የሚነገር ነው ብዬ። ሰዉ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ሰኔ ላይ ትታሰር ያለው አባት ብቻ ተነስቶ፣ «አንቺ እኮ የሰው ማኅደር ጠባቂ ነሽ፤ ነገ የኔን ወረቀት አምኜ ልስጥሽ?» አለኝ። ሊቀመንበሩ ተነሱና «ቦርዱ ተሳስቷል» አሉ። ከዚያ የዘለለ ቃል አልወጣቸውም። ስንብቱ ተሻረ፤ እኔም ከቦርዱ ወጣሁ።

መምህርቷን ለማግኘት ሦስት ቀን ደወልኩ። በአራተኛው አነሳች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ እንደነበረ፣ በሩ ላይ ቆማ ስታዋራኝ እዚያው ከኋላዬ ተሰቅሎ እንደነበረ።

«አውቄ ነበር» አለች። «ያን ቀን ቦርሳውን ሁለት ጊዜ ዞረው አዩት። ግን ሌላ ነገር ይሆናል አልኩ።»

«ይቅር በይኝ።»

«እኔ እንጃ» አለች። «አሁን ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ውሸት ይሆናል። የሥራ ልምድ ወረቀቴን ግን ይላኩልኝ። ቸልተኝነት የሚል ቃል የሌለበት።»

«ተመለሽ፣ ስንብቱ ተሽሯል፣ ቦርዱም ይፈልግሻል።»

«አልመለስም። እዚህ ከዘመዶቼ ጋር ነኝ። ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ አንድ ልጅ አቤት ለማለት ቢዘገይ ልቤ ቀጥ የሚል ይመስለኛል። ትንሽ ልረፍ።»

ወረቀቱን ራሴ አጻፍኩት፣ ማኅተሙን አስመታሁ፣ በእጄ ወደ መናኸሪያ ወስጄ ለሚታመን ሰው ሰጥቼ ላክሁላት። ደረሰኝ የሚል አጭር መልእክት መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም።

የቀረችኝ የልጅቷ እናት ናት። ልጇን ከእኛ ትምህርት ቤት አውጥታ መንግሥት ትምህርት ቤት አስገብታታለች። አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ገበያ ወረድኩ። ሴትየዋ ባናዎቿን በገመድ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ልጄን ትንሽ ራቅ አድርጌ አቁሜ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ስለ እጁም፣ ስለ ጫማውም፣ ለምን እንደዋሸሁም ሳልደብቅ ነገርኳት። እየሰማችኝ የአንዱን ባና ጠርዝ ታስተካክላለች።

«ልጄ በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች» አለችኝ። «ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆና። ጫማዋ ወልቆባት ነው፣ እንዳትቆጫት አለችኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ልጅ ናት፣ ልጅ እጅ ይለቃል።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ ግን ልጅ አይደለሽም።»

ልጄን በእጇ ጠራቻት። ልጄ እየፈራች መጣች። ሴትየዋ ጉንጯን ዳሰሰቻትና፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነኝ፤ ጓደኛሽም ከሰዓት ትመጣለች፤ መጥተሽ ተጫወቺ» አለቻት። ወደ እኔ አልዞረችም። አንድ ገዢ የባናውን ክብደት በእጁ እየመዘነ ይጠይቃታል፤ እሱን ማስተናገድ ቀጠለች።

አሁን ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች። እኔ እስከ ገበያው ዳር እሸኛታለሁ እንጂ አልገባም። ሴትየዋ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፤ እኔም ዝቅ አደርጋለሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም።